ባለ 20 ሊትር ዘይት ባስኩላ ላይ 19 ኪሎ ሆነብኝ፤ ተጭበርብሬ ነው?

የሰኞ ገበያዋ፦ ታኅሣሥ 3፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የምስር ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ጠብሼ እሸጣለሁ። የነቢያት ጾም ከገባ ወዲህ ሥራው ስለበዛ ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ብር አዋጥተን ኮምቦልቻ ካለ አከፋፋይ ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካን ዘይት አስመጣን። ዛሬ እህል የሚመዝን ወንድማችን ባስኩላው ላይ እንድናስቀምጠው ፈቀደልን። አንደኛው ከነጀሪካኑ 19 ኪሎ ከ200 ግራም፣ ሁለተኛው እንደዚያው፣ ሦስተኛው 19 ኪሎ ከ100። ከነጀሪካኑ ነው የምላችሁ! ፕላስቲኩ ተቀንሶ ስንት ሊቀር ነው?

አከፋፋዩ ጋ ደወልኩ። «እህቴ፣ ፋብሪካው እንዳሸገው ነው የሰጠሁሽ፤ ክዳኑን አላየሽውም?» አለኝ። በንዴት ብዙ ተናገርኩት። ልጆቼን የማሳድገው በዚህ ሥራ ነው፤ ከአንድ ጀሪካን ሁለት ኪሎ ቢቀርብኝ ትርፌ በሙሉ እሱ ነው። አሁን ማታ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ክዳናቸው በእርግጥ አልተነካም። ሦስቱም እኩል መጉደላቸው ግራ አጋባኝ። ጎረቤቶቼም ብራቸውን ያስገቡት እኔን አምነው ነው፤ ነገ ምን ልበላቸው? የምታውቁ አስረዱኝ።


ጦሳ ሥር፦ 2፡05

ሁሉም እንደዚህ ናቸው እህቴ። እኔም ቤት ባለ 5 ሊትሩን ስመዝነው አንድም ቀን 5 ኪሎ ሞልቶልኝ አያውቅም። ሳትውይ ሳታድሪ ንግድ ቢሮ አመልክቺ።


የቧንቧ ውሃ መምህር፦ 2፡30

ከማመልከትሽ በፊት አንዴ ስሚኝ። የገዛሽው 20 ሊትር ነው፤ የመዘንሽው ደግሞ ኪሎ። ሊትር የሚነግረን ዘይቱ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ነው። ኪሎ ክብደቱን ነው። ዘይት ከውሃ ስለሚቀል 20 ሊትሩ 20 ኪሎ ሊሆን አይችልም። ተራ የምግብ ዘይት፣ ሱፍም ይሁን አኩሪ አተር፣ ሰሊጥም ይሁን ኑግ፣ አንዱ ሊትር 920 ግራም ገደማ ነው። ከ910 እስከ 925 ባለው መካከል ይዋልላል እንጂ ኪሎ አይሞላም።

ስለዚህ 20 ሲባዛ በ0.92፣ 18 ኪሎ ከ400 ግራም። ባዶው ጀሪካን እንደ ውፍረቱ ከ800 ግራም እስከ 1 ኪሎ ቢመዝን ጠቅላላው 19 ኪሎ ከምናምን ይመጣል። ያገኘሽውም ይኸንኑ ነው።

ጦሳ ሥር ወንድሜ፣ ያንተ ባለ 5 ሊትር 4 ኪሎ ከ600 ግራም ነው መሆን ያለበት። ባለ 3 ሊትሩ 2 ኪሎ ከ760። 5 ኪሎ አለመሙላቱ ትክክል ነው።


ጦሳ ሥር፦ 2፡41

መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና 1 ሊትር 1 ኪሎ ነው ተብለን አይደል እንዴ የተማርነው? እኔ ስምንተኛ ክፍል ድረስ እንደዚያ ነው የማውቀው።


የቧንቧ ውሃ መምህር፦ 2፡58

የተማርከው ትክክል ነው፤ ግን ለውሃ ብቻ። መጽሐፉ ላይ ምሳሌው ውሃ ነበር፤ እኛ መምህራንም ሌላውን ሳናሳይ ስለምናልፍ ተማሪ ሁሉንም ፈሳሽ እንደ ውሃ ይቆጥረዋል። ይህ የእኛ ጥፋት ነው። ማስረጃው ግን እናትህ ማዕድ ቤት አለ። ወጥ ሲበስል «ዘይቱ ከላይ ወጣ» አይደል የሚሉት? ከላይ የሚወጣው ስለሚቀል ነው። ማር ደግሞ በተቃራኒው ከውሃ ይከብዳል፤ 1 ሊትር ማር 1 ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ ነው። ወተት ከውሃ ትንሽ ይበልጣል፣ 1 ሊትሩ 1 ኪሎ ከ30 ግራም። የአንድ ሊትር ጠርሙስ ማር ገዝተህ ኪሎ መስሎህ ከሆነ ተጠቅመሃል፤ የአንድ ሊትር ጠርሙስ ዘይት ገዝተህ ኪሎ መስሎህ ከሆነ ደግሞ 80 ግራም ተሸውደሃል። ሻጩ ግን አልዋሸህም።


የኑግ መጭመቂያ፦ ታኅሣሥ 4፣ ጠዋት 1፡15

ሰላም። ኮምቦልቻ ዳር ላይ ትንሽ የዘይት መጭመቂያ አለኝ። እኔ ዘይቴን በኪሎ ነው የምሸጠው፤ ሱቆቹ በሊትር ይሸጣሉ። ደንበኛ መጥቶ «የአንተ ኪሎ ከሱቁ ሊትር ተወደደብኝ» ሲለኝ ማስረዳት ያቅተኝ ነበር። መምህሩ የጻፉት ቁጥር ለእኔም ሥራ ይሆነኛል።

ለስሌት እንዲመች ኪሎውን 100 ብር እንበለው። በዚያ ዋጋ ሊትሩ 92 ብር ማለት ነው። ሱቁ ሊትሩን በ95 ቢሸጥ ሰው «95 ከ100 ይረክሳል» ብሎ ወደ ሱቁ ይሄዳል። ግን የሱቁ ሊትር ወደ ኪሎ ሲመለስ፣ 95 ሲካፈል በ0.92፣ 103 ብር ከምናምን ይሆናል። የእኔ ነው የረከሰው። ይህንን አስልቶ የመጣ ደንበኛ እስካሁን አላየሁም።

ለምን በኪሎ እንደምሸጥም ልናገር። ዘይት ከመጭመቂያው ሲወጣ ለብ ያለ ነው። የሞቀ ዘይት ያብጣል። እንደሞቀ በሊትር ብሸጠው ደንበኛዬ ቤቱ ወስዶ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ያገኘዋል፤ «ሰረቀኝ» ይለኛል። ኪሎ ግን ሞቀም ቀዘቀዘም ያው ነው። ደግሞም አዲስ የተጨመቀ ኑግ ዝቃጭ አለው፤ ሁለት ሦስት ቀን ሳይጠል መሸጥ ለማንም አይበጅም። ከ100 ኪሎ ኑግ እኔ በማሽኔ ከ30 እስከ 35 ኪሎ ዘይት አገኛለሁ፤ የቀረው ፋጉሎ ሆኖ ለከብት ይሄዳል። ፋጉሎውም በኪሎ ነው የሚሸጠው። ከእህሉ እስከ ዘይቱ በአንድ መለኪያ ሲሆን የት እንደጎደለ ወዲያው ይታየኛል።


የሰኞ ገበያዋ፦ ጠዋት 1፡50

እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር፣ እርስዎም ወንድሜ። እንቅልፌን መለሳችሁልኝ። ግን አንድ ነገር፦ 0.92ን በቁጥር ነገራችሁኝ፤ ጎረቤቶቼን «ኢንተርኔት ላይ እንዲህ አሉኝ» ብላቸው አይቀበሉኝም። በዓይናቸው የሚያዩት ነገር የለም?


የቧንቧ ውሃ መምህር፦ 4፡10

አለ፤ ከቤት ሳትወጪም ይሠራል። ባዶ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ አምጪና አድርቂው። የግራም ሚዛን ያለው ሰው ጋ ሄደሽ ባዶውን መዝኚ። ከዚያ ውሃ አፉ ድረስ ሞልተሽ መዝኚ። ውሃውን ደፍተሽ ደህና አድርገሽ ካደረቅሽው በኋላ ዘይት እዚያው አፉ ድረስ ሞልተሽ መዝኚ። ከሁለቱም ላይ የጠርሙሱን ክብደት ቀንሺና የዘይቱን ለውሃው አካፍዪ። አፉ ድረስ የምልሽ ምክንያት አለኝ፤ «500» ብሎ የጻፈው መስመር ላይ ለማቆም ዓይን ይሳሳታል፤ አፉ ላይ ግን ሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ይሞላል።


ባለ ሲኒዋ (ሆጤ)፦ 6፡25

እኔ ዛሬውኑ አደረግኩት! ኬክ ስለምጋግር የግራም ሚዛን አለኝ። ባዶ ጠርሙስ 18 ግራም። በውሃ 538። በዘይት 496። ስለዚህ ውሃው 520፣ ዘይቱ 478። 478 ለ520 ሲካፈል 0.919 መጣ። የተጠቀምኩት የሱፍ ዘይት ነው። ልጄ አጠገቤ ሆኖ እሱ ነው ያሰላው፤ የትምህርት ቤት ሒሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ሲለው አየሁ።

የእኔ ጥያቄ ግን በተቃራኒው ነው። የኬክ አሠራር ቪዲዮዎች ዘይትን በግራም ይናገራሉ። ሚዛን የሌላቸው እህቶች ይጠይቁኛል፤ «100 ግራም ዘይት በማንኪያ ስንት ነው?» ምን ልመልስላቸው?


የቧንቧ ውሃ መምህር፦ 7፡00

ከግራም ወደ ሚሊ ሊትር ስትሄጂ ማካፈል ነው፤ 100 ለ0.92፣ 109 ሚሊ ሊትር ገደማ። በአሠራሮቹ ላይ የሾርባ ማንኪያ ሲሉ 15 ሚሊ ሊትር፣ የሻይ ማንኪያ ሲሉ 5 ሚሊ ሊትር ነው የሚያስቡት። ሰባት የሾርባ ማንኪያና አንድ የሻይ ማንኪያ 110 ይሞላል፤ ይበቃል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ገደማ ነው፣ ባለ 240 ሚሊ ሊትሩ ኩባያ 220 ግራም።

የመደናገሪያው ምንጭ አንድ ነው፤ መቼ ይባዛል፣ መቼ ይካፈላል። እኔ ተማሪዎቼን እንዲህ እላቸዋለሁ፦ ዘይት ቀላል ስለሆነ የኪሎው ቁጥር ሁልጊዜ ከሊትሩ ቁጥር ያንሳል። መልሳችሁ ላይ ኪሎው ከበለጠ ተሳስታችኋል፤ ገልብጡት።


ባለ ሲኒዋ (ሆጤ)፦ 7፡35

አመሰግናለሁ። ግን የእኛ ቤት ማንኪያ 15 አይደለም። ከፋርማሲ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ገዝቼ፣ ያለ መርፌው፣ በውሃ ለካሁት። የእኔ የሾርባ ማንኪያ 11 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው የሚይዘው! የቡና ሲኒዬ አፉ ድረስ 75። ስለዚህ ለእኔ 100 ግራም ዘይት አንድ ሲኒ ተኩልም አይሞላም፤ አንድ ሲኒ ከሦስት ማንኪያ ነው። የእናንተ ሲኒና ማንኪያ ሌላ ስለሚሆን እህቶች አንዴ በሲሪንጅ ለኩና ማዕድ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ጻፉት። ሲሪንጁ ከአንድ ዳቦ ብዙም አይበልጥም፤ የኬኬን መድረቅ ያስቀረልኝ እሱ ነው።


ሸዋ በር፦ 8፡20

ውይይቱ ደስ ይላል። ግን ሁሉም የረሳው ነገር አለ፤ ደሴ ተራራ ላይ ናት። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ነገር ሁሉ ይቀላል። ኮምቦልቻ ላይ ቢመዘን 20 ኪሎ ይሞላ ነበር ባይ ነኝ።


የቧንቧ ውሃ መምህር፦ 9፡05

ወንድሜ፣ ከፍታ የሚለውጠው ሌላ ነገር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃችን 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነች 94 አካባቢ። ባቄላና ምስር እኛ ጋ የሚዘገየው ለዚህ ነው። የዘይት ክብደት ላይ ግን ከፍታ የሚያመጣው ለውጥ የእህል ባስኩላ የሚያየው አይደለም። 18 ኪሎ ከ400ው ኮምቦልቻም ላይ 18 ኪሎ ከ400 ነው።

ነገር ግን ሳታስበው ወደ እውነቱ ቀርበሃል። በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚለየው ሙቀቱ ነው፤ የኑግ ዘይት ነጋዴው ጠዋት የተናገሩትም ይህንኑ ነው። ዘይት በየአንድ ዲግሪው ከ10 ሺህ 7 እጅ ያህል ያብጣል። ኮምቦልቻ ቀን ላይ 28 ዲግሪ እያለ የተሞላ 20 ሊትር እዚህ በታኅሣሥ 13 ዲግሪ ላይ ቢለካ፣ በ15 ዲግሪ ልዩነት፣ 19 ሊትር ከ800 ያህል ይሆናል። አንድ ብርጭቆ ሙሉ ጠፋ ማለት ነው፤ ማንም ሳይነካው። ኪሎው ግን አንድም ግራም አልቀነሰም። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በማይርቁ ሁለት ከተሞች መካከል ይህን ያህል ልዩነት የሚያይ ሰው ብዙ አይደለም፤ እኛ እድለኞች ነን።


ሸዋ በር፦ 9፡22

ገባኝ መምህር፤ ተምሬያለሁ። አሁን ትዝ አለኝ፤ የሚረጋው ዘይት እኛ ቤት ሌሊት ይረጋና ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ዝቅ ብሎ እናገኘዋለን። ባለቤቴ ሠራተኛዋን ጠርጥራ ነበር።


የቧንቧ ውሃ መምህር፦ 9፡40

የፓልም ዘይት ሲረጋ የበለጠ ይሰበሰባል፤ ዝቅ ማለቱ ለዚያ ነው። ሠራተኛዋን እባክህ ዛሬውኑ ይቅርታ ጠይቋት። ለመለካት ከፈለጋችሁ በኪሎ መዝኑት፤ ወይም ጀሪካኑን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁማችሁ ሙሉ በሙሉ ከቀለጠ በኋላ በሊትር ለኩት። ግማሹ ረግቶ ግማሹ ቀልጦ ሳለ የቀዳ ሰው ምንም ቁጥር አያገኝም።


የስቶር ሠራተኛ የነበረች፦ ታኅሣሥ 5፣ ከምሽቱ 3፡10

ይህን የውይይት ክር ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ስሙን መጥራት የማልፈልገው መሥሪያ ቤት፣ የምግብ ስቶር እይዝ ነበር። ብዙ ሰው የሚመገብበት ነው። አንድ ጊዜ 40 ጀሪካን ዘይት ገባ፤ ባለ 20 ሊትር። ያስገባው ሰው ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ላይ «800» ብሎ ጻፈ፤ መለኪያው ላይ «ኪ.ግ» የሚል ነበር፣ ሌላው እህል ሁሉ በኪሎ ስለሆነ። እኔም ቢን ካርዱ (የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) ላይ 800 ብዬ ገለበጥኩ። ለወጥ ቤት ስሰጥ ግን በሚዛን ነበር፤ ዋና ሼፏ በኪሎ ነው የምትጠይቀው። በየቀኑ መዝኜ፣ በሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) አስፈርሜ፣ አንድም ቀን ሳልዘለው።

ዘይቱ ሲያልቅ የሰጠሁት ተደመረ፤ 733 ኪሎ። ቆጣሪ ኮሚቴ መጣ። «67 ኪሎ ጎደለ» ብለው ጻፉብኝ። አልቅሼ ማልኩላቸው። ባዶዎቹን 40 ጀሪካኖች አሳየሁ። «ጀሪካን ማስረጃ አይሆንም» አሉኝ። የ67 ኪሎ ዘይት ዋጋ ሰባት ወር ሙሉ ከደመወዜ ተቆረጠ። ከገንዘቡ በላይ የጎዳኝ ግን አብረውኝ የሚሠሩ ሰዎች ቦርሳዬን ማየት መጀመራቸው ነው። በመጨረሻ ሥራውን ለቀቅኩ። አባቴ ሞተው ነበር፤ እናቴ ግን እስከዛሬ «ልጄ እንዳልወሰደች አላህ ያውቃል» ትላለች።

መምህር፣ እባክዎ ይንገሩኝ። 800 ሊትር በኪሎ ስንት ነው?


የቧንቧ ውሃ መምህር፦ 3፡25

እህቴ፣ 800 ሲባዛ በ0.92፣ 736 ኪሎ ነው።

አንቺ 733 ሰጥተሻል። ልዩነቱ 3 ኪሎ፤ ለ40 ጀሪካን ሲካፈል በጀሪካን 75 ግራም። ያ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ነው፤ ማንኛውም ጀሪካን ገልብጠሽ ብታስቀምጪው ያን ያህል ይቀርበታል። ከዚህ የተሻለ የስቶር አያያዝ እኔ አላውቅም። ምንም አልጎደለም።


የኑግ መጭመቂያ፦ 3፡31

አብሽሪ እህቴ። እኔ 12 ዓመት በዘይት ሥራ ነኝ፤ ከ40 ጀሪካን 3 ኪሎ ብቻ የሚቀርበት ሰው እጁ ንጹሕ ነው። እኔ ከዚያ የበለጠ ይባክንብኛል።


የሰኞ ገበያዋ፦ 3፡40

የኔ እህት፣ አነበብኩሽና አለቀስኩ። እኔም በአንድ ስልክ ሰውየውን ሌባ ብዬው ነበርኮ።


ሒሳብ ሠራተኛ (አራዳ)፦ 4፡15

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። እንዲህ ያለ ጉድለት ሲጻፍ እኔም አይቻለሁ፤ ለወደፊቱ የስቶር ሰዎች ይህን ልብ በሉ። ጉድለቱ ከገባው ከ100 8 ገደማ ከሆነና ዕቃው ዘይት ከሆነ፣ ሰው ከመጠየቁ በፊት የመለኪያው ዓምድ መታየት አለበት። ያንቺ 67 ለ800 ሲካፈል 8.4 በመቶ ነው። ሊትር በኪሎ ዓምድ እንደተጻፈ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

ዘይት ሲገባ ሞዴል 19 ላይ «40 ጀሪካን፣ እያንዳንዱ 20 ሊትር» ተብሎ እንደመለያው መጻፍ አለበት። በኪሎ የምትሰጡ ከሆነ ደግሞ አንድ ጀሪካን ተከፍቶ፣ ዘይቱ ብቻውን ተመዝኖ፣ ኮሚቴው ፈርሞበት፣ ቢን ካርዱ በዚያ መከፈት አለበት። አንዳንድ ጀሪካኖች መለያቸው ላይ ሊትሩንም የተጣራ ክብደቱንም ይጽፋሉ፤ ሁለቱንም ገልብጡ። በሊትር ገብቶ በሊትር መስጠትም ይቻላል፤ ግን በቀዝቃዛ ወርና በሙቅ ወር መለኪያው ስለሚዋልል እኔ ኪሎን እመርጣለሁ።

አንድ ስህተት ደግሞ ከአለቆቼ ጭምር አያለሁ። ከሊትር ወደ ኪሎ ሲሄዱ ከ100 8 ይቀንሳሉ፤ ትክክል ነው። ሲመለሱ ከ100 8 ይጨምራሉ፤ ይህ አይገጥምም። 92 ላይ ከ100 8 ቢጨመር 99.4 እንኳን አይሞላም። ሲመለሱ ከ100 8.7 ነው። በ5 ሊትር ለውጥ የለውም፤ በ5,000 ሊትር ግን ከ30 ሊትር በላይ ይጠፋል፣ ለዚያም ተጠያቂ ይፈለጋል።


በሐይቅ መንገድ፦ ታኅሣሥ 6፣ ጠዋት 2፡00

ሁሉም ሻጭ ንጹሕ ነው እንዳይባል የእኔንም ልጻፍ። እኔ በእውነት ተጭበርብሬያለሁ። መንገድ ዳር ከሚሸጥ ሰው የገዛሁት ባለ 20 ሊትር ከነጀሪካኑ 17 ኪሎ ከ400 መዘነ። ጀሪካኑ 900 ግራም ነው። ይህን ክር ሳላነብ በፊት «20 አልሞላም» ብዬ ብቻ ነበር የተጣላሁት፤ እሱም «ዘይት ቀላል ነው» ብሎ አፌን አስያዘኝ። አሁን ሳሰላው 16 ኪሎ ከ500 ለ0.92፣ 18 ሊትር አይሞላም። ሁለት ሊትር ተቀድቶ ነበር። ክዳኑን ሳየው ቀለበቱ ተቆርጦ በሙጫ ተጣብቋል።


የቧንቧ ውሃ መምህር፦ 2፡45

ጥሩ አድርገህ አመጣኸው። «ዘይት ቀላል ነው» የሚለው እውነት የ1 ኪሎ ከ600ን ልዩነት ብቻ ነው የሚሸፍነው። ከዚያ በላይ የጎደለው በእጅ ነው የጎደለው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የተጣራው ከ18 ኪሎ በታች ከወረደ ክዳኑን እዩ፣ ደረሰኙን ያዙ፣ ያኔ ንግድ ቢሮ ሂዱ። ጀሪካኑ ሳይከፈት የተጣራውን ለማወቅ የዚያኑ ብራንድ ባዶ ጀሪካን ከጎረቤት ፈልጎ መመዘን ይበቃል።

የሚጠብሱ እህቶችም አንድ ነገር ያዙልኝ። ዘይት 180 ዲግሪ ሲደርስ ከቀዝቃዛው ከ10 በመቶ በላይ ያብጣል። 2 ሊትር አፍስሳችሁ 2 ሊትር ከ200 ይሆናል፤ ሳምቡሳው ሲገባ ደግሞ ይጨምራል። መጥበሻውን ከግማሽ በላይ አትሙሉት። በምድጃ ላይ ሞልቶ የፈሰሰ ዘይት ቤት ያቃጥላል።


እማማ ወሎ፦ 5፡30

ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። በክፉው ዘመን በርዳታ የሚመጣው ዘይት በቆርቆሮ ነበር፤ 4 ሊትር የተጻፈበት። ለየቤቱ ሲከፋፈል «አራት ኪሎ ነው» እየተባለ በሚዛን ሲሰፈር ለመጨረሻው ሰው አይደርስም ነበር። አከፋፋዮቹ ወሰዱ ተብሎ ስንት ጠብ ተነሣ! የልጅ ልጄ አሁን አስልታ 3 ኪሎ ከ680 ነው አለችኝ። ለካ መጀመሪያም አራት አልነበረም። እነዚያ ሰዎች አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር።


የሰኞ ገበያዋ፦ ታኅሣሥ 7፣ ከቀኑ 10፡15

ውጤቱን ልንገራችሁ። ጎረቤት የነበረ የዚያኑ ብራንድ ባዶ ጀሪካን ጠራርጌ መዘንኩት፤ 900 ግራም። የሁለቱ የተጣራ 18 ኪሎ ከ300፣ የሦስተኛው 18 ኪሎ ከ200 ሆነ። በሊትር ወደ 19 ከ900 እና 19 ከ800። ባስኩላው ራሱ በ100 ግራም ነው የሚቆጥረው፤ ብርዱም አለ። ጎረቤቶቼ ፊት የጠርሙሱን ሥራ ሠራሁላቸው፤ አንዷ ራሷ ካልመዘንኩ አለች፤ መዘነች፤ 0.92 አገኘች። አሁን የምንካፈለው በኪሎ ነው፤ ሦስቱን ደምረን ለሦስት፣ ለእያንዳንዳችን 18 ኪሎ ከ270 ገደማ ይደርሰናል።

ኮምቦልቻ ደወልኩ። ይቅርታ ስለው ዝም አለ፤ ከዚያ «እህቴ፣ እኔም አላውቀውም ነበር፤ ስንቱ ሲሰድበኝ መልስ አልነበረኝም» አለኝ። ይህን ክር ላኩለት።

አንቺ የስቶሯ እህቴ፣ ምን አሰብሽ?


የስቶር ሠራተኛ የነበረች፦ 1፡20 ምሽት

የሞዴሎቹ ቅጂ ቤት አለ፤ እናቴ በሳጥን አስቀምጣልኛለች። ዛሬ አወጣኋቸው። የሻጩ ደረሰኝ ላይ «800 ሊትር» ይላል፤ ሞዴል 19ኙ ላይ «800 ኪ.ግ»። ሁለቱ ወረቀቶች ይኸው ዓመታት ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ገንዘቡን አይመልሱልኝ ይሆናል። ደብዳቤው ግን ከፋይሌ እንዲወጣ እጠይቃለሁ።


ሒሳብ ሠራተኛ (አራዳ)፦ 1፡45

ደረሰኙ ካለሽ ትልቅ ነገር ይዘሻል። ማመልከቻውን እኔ እጽፍልሻለሁ። የደረሰኙንና የሞዴል 19ኙን ቁጥርና ቀን፣ የሞዴል 22ቶቹን ድምር፣ ጀሪካኑ ምን ብራንድ እንደነበረም በውስጥ መስመር ላኪልኝ።


የቧንቧ ውሃ መምህር፦ 1፡52

ያ ብራንድ ገበያ ላይ ካለ አንድ ጀሪካን ገዝቼ ኮሚቴው ፊት እመዝነዋለሁ። ሚዛኑን ከትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ አስፈቅጄ አመጣለሁ። ቀኑን ብቻ ንገሩኝ።